«ውሃ ጨምርና ንዳ» እስከ መቼ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል እንደ አሮጌ መኪና ሞተር የሚስማማው ነገር ያለ አይመስለኝም። ውድ አንባቢያን፣ በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ማስታወቂያ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ሁላችንም በየቀኑ ስለምንሳፈርበት መኪና ራዲያተር ነው። «ይሄ ደግሞ ከጋዜጠኝነት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፣ እመጣበታለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሠሩት ሚኒባስ ታክሲዎች ብዙዎቹ ሌላ አገር አገልግለው የመጡ፣ እዚህም ዓመታት የቆጠሩና ብዙ ኪሎ ሜትር የበሉ ናቸው። በብዙዎቹ ውስጥ ወንበር ሥር አንድ የውሃ ጀሪካን አይጠፋም። ውሃው ይጎድላል፣ ይሞላል፣ ይነዳል። «ውሃው የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የራዲያተር ውሃ ደግሞ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዝግ ሆኖ የሚዞር ነው። በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ውሃ መጨመር ጥገና አይባልም፤ ትልቁን ወጪ ለነገ ማሳደር ነው።

ለምን ቢባል፣ ከተማችን ከፍታ ላይ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በባሕር ጠለል አካባቢ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የመኪና ሞተር ግን ጤነኛ ሆኖ እንኳ ከ80 እስከ 90ዎቹ ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው የሚሠራው። ታዲያ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥር ነው። ልክ ሽምብራ ቶሎ እንደሚያበስለው የታፈነ ድስት ማለት ነው። ግፊት ሲኖር ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ቀዳዳ ካለ ግን የሚወጣው ውሃው ብቻ አይደለም፣ ግፊቱም ነው። ያኔ ጀሪካኑ ሙሉ ቢሆንም ዳገት ላይ ሞተሩ መፍላቱ አይቀርም። ዓባይ በረሃን ወጥተው የሚያውቁ ሰዎች ኮፈናቸውን ከፍተው የቆሙትን መኪኖች ያስታውሳሉ።

አጎቴ የሚተዳደረው በአንድ አሮጌ ሚኒባስ ነው። ውሃ ማጉደል ሲጀምር አንድ ጋራዥ ወሰደው። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አየና «ጋሼ፣ ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው፤ ማድፈኛም እንጨምርበታለን» አለው። ተደረገ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ በሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ሞተሩ ፈላና ቴስታታው ተጣመመ፣ ጋርኒሲዮኑም ተቃጠለ። ሲፈታ የተገኘው ጥፋት የውሃ ፓምፑ ነበር፤ የአንድ ቀን ሥራ። መኪናው ከወር በላይ ቆመ። በዚያ ወር የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈለችው ዕቁቧን ቀድማ ያወጣችው ሚስቱ ናት።

ቀዳዳ መፈለግ ግን ከባድ ጥበብ አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ በጋለ ሞተር ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል። ቀጥሎ የደረቀ ዝገት ወይም ነጭና አረንጓዴ ፈለግ የት እንዳለ ማየት ነው፦ በቱቦዎቹ ማሰሪያ፣ በራዲያተሩ የፕላስቲክ ጫፍ፣ በውሃ ፓምፑ ሥር። የክዳኑ ጎማ መድረቁንም ማየት ያስፈልጋል፤ ከሁሉም የሚረክሰው ዕቃ እሱ ነው። ካልተገኘ በእጅ ፓምፕ ግፊት ሰጥቶ መፈተሽ ይቻላል። ውጪ ምንም ፈለግ ሳይኖር ውሃው ከጎደለ፣ ጭሱ ከነጣና ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ግን ነገሩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ያን መኪና መንዳት በገዛ እጅ ሞተር መግደል ነው።

ቴርሞስታት ማውጣት ቀዳዳ አይደፍንም። ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ እንዲሠራና ነዳጅ እንዲበላ ያደርገዋል። ማድፈኛ ደግሞ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ጋራዥ እስኪደርስ ይጠቅም ይሆናል፤ ዘወትር ሲሆን ግን ቀዳዳውን ትቶ ቀጫጭኖቹን የራዲያተር መተላለፊያዎች ይዘጋል። «ኩላንት ብጨምር መኪናዬን አፈሰሰብኝ» የሚሉም አሉ። ብዙ ጊዜ ያፈሰሰው ኩላንቱ ሳይሆን ለዓመታት የተጨመረው የቧንቧ ውሃ ነው። ብረቱን አዝጎ በልቶታል፣ ዝገቱ ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖ ኖሯል። ኩላንቱ የነበረውን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

«አንቺ ልጅ፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው። ሹፌሩ የቀን ገቢ ማስገባት አለበት፣ መለዋወጫ ውድ ነው፣ መኪናው የቆመበት ቀን ደግሞ ባዶ ቀን ነው። ነገር ግን ድሀ ነው እኮ ሁለት ጊዜ መክፈል የማይችለው! ክዳንና ማሰሪያ ለመቀየር የሳሳ ኪስ ሞተር ለማስወረድ ከየት ያመጣል? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱ ይታወቃል። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱ መልካም ነው። ያለውን ሚኒባስ መለወጥ የማይችለው ባለ ታክሲ ግን ያለውን ጠብቆ መያዝ ብቻ ነው አማራጩ።

አሁን ወደ እኛ ሙያ ልምጣ። አንደኛ ዓመት ስንገባ የተማርነው «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» የሚለውን ነው። «ሞተር ፈልቶ መንገድ ተዘጋ» ብለን ዜና ከሠራን «የት» እና «መቼ»ን እንጂ «ለምን»ን አልመለስንም። ስለ ክዳኑ፣ ስለ ከፍታው፣ ስለ ጋራዡ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ቢኖር ስንት ባለ ታክሲ ከኪሳራ ይድን ነበር? ኳስና ሙዚቃ ሰፊ ሰዓት በሚያገኝበት አገር፣ ለጥገና በሳምንት አንድ ሩብ ሰዓት ቢሰጥ ሰሚ አያጣም ባይ ነኝ።

እስከዚያው ሁላችንም ልናደርገው የምንችለው አለ። ረዳቱ ጀሪካን አንስቶ ሲወርድ ካያችሁ ተሳፋሪ ነኝና ምን አገባኝ አትበሉ። በትሕትና «ውሃው የት እየሄደ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነውና፣ ቆም ብሎ ማጥበቁ ለሁላችንም ይበጃል።

ቸር እንሰንብት!