ፈረስ ጠግቦ ለምን ያነክሳል?

ባለፈው ሳምንት እህልን ከነቀዝ ስለ መጠበቅ አንብበን ነበር። ዛሬ ስለ ፈረስና ስለ ሣር እናነባለን።

አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን። «ክረምቱ እንደ ወጣ ፈረሴን ለምለም መስክ ላይ አሰርኩት። በላ፣ ጠገበ፣ ወፈረ። ሥራም አልነበረበትም። በኅዳር አንድ ቀን ጠዋት መራመድ አቃተው። አንዱ ዓይን ነው አለኝ። ሌላው በብረት ተኩሰው አለኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

እኛ ፈረሱን አላየነውም። የእንስሳት ሐኪምም አይደለንም። ነገር ግን የጠገበን ፈረስ እንዲህ የሚያደርግ የታወቀ የሰኮና በሽታ አለ። ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ፈረስ እህል ወደ ወፍጮ ያደርሳል። በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ጋሪ ይጎትታል። ፈረሱ ሲተኛ የቤቱ ሥራ አብሮ ይተኛል።

ሣር ስኳር አለው

ስኳር ስንል ከሱቅ የሚገዛውን ብቻ ማለታችን አይደለም። ሸንኮራ አገዳ ይጣፍጣል አይደል? ሸንኮራ የሣር ወገን ነው። የመስኩ ሣርም እንደ ሸንኮራ ባይሆንም ስኳር አለው።

ሣር ምግቡን የሚሠራው በቀን ነው። ፀሐይ ሲያገኝ ከአየርና ከውሃ ስኳር ይሠራል። ሌሊት ያንን ስኳር እየበላ ያድጋል። እንግዲህ ሣርን እንደ ጎተራ አስቡት። ቀን ይሞላል፣ ሌሊት ይጎድላል። ስለዚህ ስኳሩ ጎህ ሲቀድ ያንሳል። ከቀትር በኋላ ይበዛል።

ውርጭ በጣለ ሌሊት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብርዱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሣሩ ማደጉን ያቆማል ማለት ይቻላል። ካላደገ ስኳሩን አይበላም። ጎተራው እንደ ሞላ ያድራል። ሲነጋ ፀሐይ ትወጣና ሌላ ስኳር ይጨመርበታል። በደጋ አገር ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ብሩህ ነው፤ ሌሊቱ ብርድ ነው። የአባታችን ፈረስ የታመመውም በኅዳር ነው። ይህን ልብ በሉ።

ሌላም አለ። ሣር ስኳሩን በብዛት የሚያስቀምጠው ከግንዱ በታች፣ ወደ ሥሩ ተጠግቶ ነው። ስለዚህ እስከ መሬት የተጋጠ አጭር ሣር «ምን አለው?» ብላችሁ አትናቁት። ፈረስ ጥርሱ ስለታም ነው። ያንኑ የሚጣፍጠውን ክፍል ይቆርጣል።

ሰኮናው ምን ይሆናል?

የጭቃ ቤት ግድግዳ አስቡ። ምርጊቱ እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል። በፈረስ ሰኮና ውስጥም እንዲሁ አጥንቱን ከውጭው ሰኮና ጋር አጥብቆ የያዘ ስስ ሥጋ አለ። የፈረሱ ክብደት ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ሥጋ ላይ ነው።

ፈረስ ስኳር ሲበላ በደሙ ውስጥ ኢንሱሊን የሚባል ነገር ይጨምራል። በወፈረና ሥራ በፈታ ፈረስ ላይ ይህ ነገር ከመጠን ያልፋል። ሲያልፍ ያ ስስ ሥጋ ይጎዳል፤ መያዙን ይለቃል። ምርጊቱ ረገፈ ማለት ነው። በጣም ከባሰ አጥንቱ ወደ ታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ፈረሱን ማዳን ያስቸግራል።

እህልም ይህንኑ በሽታ ያመጣል። ፈረስ ገመዱን በጥሶ አውድማ ላይ ገብስ እስኪበቃው ቢበላ፣ እህሉ ትልቁ አንጀት ውስጥ ገብቶ ይኮመጥጣል። መርዙ ወደ ደም ያልፋል። ሕመሙ ግን ወዲያው አይታይም። ከ1 እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል። «ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም» ብላችሁ አትቀመጡ። በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ።

ማን ይጠንቀቅ?

አይ! ፈረስ ያለው ሁሉ ሣር ይከልክል ማለታችን አይደለም። ሲሠራ የሚውል ከሲታ ፈረስ ሣር ያስፈልገዋል። ረኃብ ለእሱ የባሰ ጠላት ነው። አደጋው ያለው በወፈረውና በማይሠራው ላይ ነው። በቅሎና አህያም በዚህ በሽታ ይያዛሉ።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይከበራል። ፈረስ አጊጦ የሚታይበት ቀን ነው። ለእንዲህ ያለ በዓል ፈረስ ማማር አለበት። ነገር ግን ማማርና መወፈር አንድ አይደሉም። ወራት ሙሉ ታስሮ ገብስ የሚቀለብ ፈረስ ያብለጨልጭ ይሆናል፤ ሰኮናው ግን አደጋ ላይ ነው።

ፈረሳችሁ መወፈሩን በእጃችሁ ዕወቁ። ጎድኑን ዳብሱ። ጎድኑ ለዓይን ሳይታይ በእጅ ቢገኝ መልካም ነው። ጨርሶ ካልተገኘ ወፍሯል። ጋማው ሥር ያለው ሥጋ ከጠነከረና ካበጠም ወፍሯል።

ምን እናድርግ?

1. የወፈረውን ፈረስ ማለዳ አግጡት። ፀሐይ ሳይበረታ መልሱት።
2. ውርጭ በጣለበት ጠዋት ወደ መስክ አታውጡት። ጋጣ ውስጥ ድርቆሽና ጭድ ስጡት።
3. ድርቆሽም ስኳር አለው። ከግማሽ ሰዓት እስከ 1 ሰዓት በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት። ስኳሩ ወደ ውሃው ይወጣል። ውሃውን ድፉት፤ ለፈረሱ አታጠጡት።
4. ገብሱን ተዉለት። ጤነኛ ከሆነ በየቀኑ አሠሩት ወይም አስኪዱት።
5. አታስርቡት። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። ልታከሱት ብትፈልጉም ከ4 ኪሎ በታች አታውርዱ። በድንገት የተራበ ወፍራም ፈረስ፣ ይልቁንም አህያ፣ በሌላ በሽታ ሊሞት ይችላል።
6. አውድማውንና ጎተራውን አጥራችሁ ዝጉ።

ከታመመስ?

ምልክቱ ይህ ነው። ፈረሱ መራመድ ይጠላል። ሲዞር ይቸገራል። የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል። ሰኮናው ይሞቃል። ከሰኮናው በላይ ያለው የደም ሥር በኃይል ይመታል።

ይህን ስታዩ ሐኪም ጥሩ። ሐኪሙ እስኪመጣ ከመስክ አውጡት። ሥራ አታሠሩት፣ በግድም አታስኪዱት። ብዙ ጭድ አንጥፋችሁ ለስላሳ ቦታ ላይ አቁሙት። ሰኮናውን በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙ። ንጹሕ ውሃ ይጠጣ። በብረት አትተኩሱት። ደሙንም አታፍስሱ። እሳት በቆዳው ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ ሰኮናው ውስጥ ያለውን አይጠግንም።

አባታችን፣ ለጥያቄዎ እናመሰግናለን። ፈረስዎ አሁንም ካነከሰ ነገ አይበሉ፤ ዛሬ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። በሽታው ገና ሲጀምር ከተያዘ ብዙ ጊዜ ይድናል።

አዳዲስ ቃላት

ውርጭ፦ ሌሊት ሣር ላይ እንደ ጨው ነጥቶ የሚታይ ብርድ።
መዘፍዘፍ፦ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማቆየት።
ኢንሱሊን፦ ስኳር ሲበላ በደም ውስጥ የሚጨምር ነገር።

አንብባችሁ መልሱ

1. የሣር ስኳር የሚያንሰው በየትኛው ሰዓት ነው?
2. ውርጭ በጣለበት ጠዋት ስኳሩ ለምን አይጎድልም?
3. በሰፈራችሁ ጠግቦ ያነከሰ ፈረስ አለ? ለባለቤቱ ይህን ጽሑፍ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።

በሚቀጥለው ሳምንት ድርቆሽ ሳይሻግት እንዴት እንደሚከመር እናነባለን። ደህና ሰንብቱ።