የኦፊሳችን ሐቅ

ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ላፕቶፕ ፎርማት ስናስደርግ ዊንዶውሱም ኦፊሱም ክራክ ሆኖ ይጫንልናል። የምንከፍለው ለጫነልን ልጅ ነው፤ የሠሪው ሐቅ ግን እዚያው ይቀራል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ነው ብሎ ወስኗል።

ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ በነፃ ይገኛል። "ኦፊስ የለውም" ማለት ደግሞ ድሮ ቀረ። ማይክሮሶፍት የራሱን ባያመጣም፣ የቻይናው ኪንግሶፍት ደብሊውፒኤስ ኦፊስን፣ የጀርመኑ ሶፍትሜከርም የራሱን ኦፊስ ለሊኑክስ አቅርበዋል። ሊብሬኦፊስ ጭራሽ ክፍያ አይጠይቅም።

የሚያስቸግረን አማርኛው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዩኒኮድ ውጭ በተሠሩ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል፣ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል፤ ዊንዶውስም ላይ ያው ነው። ሊኑክስን ግን እንወቅስበታለን!

አማካሪያችን ወርድ ላይ አርሞ ሲልክልን የገጹ አቀማመጥ ሊዛነፍ እንደሚችል አንደብቅም። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚፈራ ይፍራ። የጀመዓችንን ቃለ ጉባኤና ይህን መጽሔት ግን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በዩኒኮድ፣ በሊብሬኦፊስ እንሥራ፤ የመጫኛውን ፍላሽ እኛ እናዘጋጃለን።