አንበሳውን ቆልፈን ጃፓንን እንወቅሳለን

ሰሞኑን ፒያሳ አንድ ማኪያቶ ቤት፣ ከዱባይ የተመለሰ ወዳጄ የስልኩን ቪዲዮ አሳየን። ዶልፊኑ ከገንዳው ዘልሎ ኳስ ይመታል፤ አሰልጣኙ ዓሣ ይወረውርለታል። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ፤ ለትርዒት የሚሸጡ አንዳንድ ዶልፊኖች እንዴት እንደሚያዙ አውቃለሁና።

በጃፓን ታይጂ ዓሣ አስጋሪዎች የብረት ዘንግ ውኃ ውስጥ ነክረው በመዶሻ ይቀጠቅጣሉ። በድምፁ የደነገጠውን የዶልፊን መንጋ ወደ ዳር ይነዱታል። ለትርዒት የሚሆነው ተመርጦ ከነሕይወቱ ይሸጣል፤ ከቀረው ብዙው ይታረዳል። ህንድ በ2005 ዓ.ም. የዶልፊን ትርዒትን ከልክላለች።

ይህን ስነግራቸው ወዳጄ «ጃፓኖች ጨካኞች ናቸው» አለ። እኛስ? ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን ረሳነው እንዴ? ጎፈሩ ከደረቱ አልፎ ሆዱ ሥር የወረደ ጥቁር አንበሳ፣ ከብረቱ ጀርባ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲመላለስ አይቻለሁ። አንዴም ቀና ብሎ አላየንም። አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ እንዲያገሳለት ጠጠር ወረወረበት።

በ1999 ዓ.ም. የግቢው ኃላፊዎች ራሳቸው ቦታና ገንዘብ ስላጠረን ደቦሎቹን በመርዝ እየገደልን፣ በድኑን ቆዳ ሞልተው ለሚሸጡ እንሰጣለን ብለው ለውጭ ጋዜጠኞች ተናገሩ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የዚያው ግቢ 15 አንበሶች ተመርምረው፣ በዘር ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸው ታወቀ። ሳንቲማችን ላይ የቀረጽነውን፣ አውቶቡሳችንን በስሙ የጠራነውን፣ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት በድንጋይ ያቆምነውን አንበሳ ነው እንዲህ ያደረግነው።

«ታዲያ ልጆች የት ይዩት?» ይሉኛል። በሽቦ ውስጥ የሚያዩት አንበሳ ስለ አንበሳ ምንም አያስተምራቸውም። የሚያስተምራቸው የወደዱትን መቆለፍ እንደሚቻል ነው። ይህን ትምህርት ደግሞ ለሰውም ሲያውሉት አይተናል፤ ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለሠራተኛ።

ሌላ መንገድም አለ። ሆለታ መንገድ ላይ ያለው እንሰሳ ኮቴ ከሰንሰለትና ከጠባብ በረት የዳኑ አንበሶችና አቦሸማኔዎች በሰፊ ግቢ፣ ከዛፍና ከሣር ጋር የሚኖሩበት መጠለያ ነው። ወደ ዱር መመለስ የማይችሉት እዚያው ይጦራሉ። ይቻላል ማለት ነው።

አራት ኪሎ አንድነት ፓርክም ሆነ ሌላ ቦታ አንበሳ የያዛችሁ ሁሉ፣ ያሉትን በሰፊ መስክ አኑሩ፤ ከዱር አዲስ ደቦል አታምጡ። አንባቢዎቼም ዱባይ ስትሄዱ ለዶልፊን ትርዒት ትኬት አትቁረጡ።