«ወደ ሰበታ ውሰጂው» ስለሚሉ ሰዎች

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ አንዲት እናት ዓይነ ስውር ልጅዋን እጁን ይዛ ለማስመዝገብ ብትሄድ፣ ብዙ ጊዜ የምትሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ይህ ልጅ የኛ አይደለም፤ ወደ ሰበታ ውሰጂው»። ቃሉ ምክር ይመስላል፤ በሩ ግን ተዘግቷል።

በሰበታ ያለው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተመሥርቶ፣ ብሬል እያስተማረ ብዙ ሰው ያፈራ ቤት ነው፤ እርሱን ለመንቀፍ ብዕሬን አላነሣሁም። የምነቅፈው የዚያን ቤት ስም ለስንፍናው መሸሸጊያ ያደረገውን ሰው ነው። አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የአገሩን ዓይነ ስውር ሕፃን ሁሉ ሊይዝ እንዴት ይችላል? ቢችልስ፣ ሕፃን ከእናቱ ካልተለየ ፊደል አይቆጥርም ያለው ማን ነው?

«የማስተማሪያው ዘዴ የለንም» ይላሉ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሆኖም የቤተ ክህነቱን ትምህርት ሳላመሰግን አላልፍም። በዜማና በቅኔ ቤት ዓይነ ስውሩ ከሚያየው ጓደኛው ጎን ተቀምጦ ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፣ የተቀበለውንም በቃሉ ያጠናል፤ ከእነዚህም መካከል ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ሊቃውንት ወጥተዋል። ዲፕሎማ የያዘው መምህር የገጠር መሪጌታ የሚያደርገው አቃተው ማለት ነውን?

ችግሩ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሰሌዳው ዘንድ ነው። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ «ይህ በዚህ ሲባዛ ይህን ይሰጣል» ይላል። «ሰባት በስምንት ሲባዛ ኀምሳ ስድስት» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ እንኳ በተጠቀመ ነበር። በእርግጥ ድምፅ ብቻ አይበቃም፤ የብሬል መጽሐፍና ብሬል የሚያውቅ ረዳት ያስፈልጋል። ይህን ማቅረብ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ24ኛው አንቀጽ፣ ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከጠቅላላው ትምህርት እንዳይገለል ያዛል። (መስማት የተሳነውን ልጅ የምልክት ቋንቋ በማይታወቅበት ክፍል አስቀምጦ «ተቀበልነው» ማለት ግን ማታለል ነው። እዚያ መምህሩ ራሱ ቋንቋውን ይማር።)

«ከሌሎቹ ጋር እኩል አይሄድም» ለሚሉት የትነበርሽ ንጉሤን እጠራባቸዋለሁ። በወሎ በአማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። በሻሸመኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ጀምራ፣ ቀጥሎ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩት ጋር ተማረች፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች፤ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። በምኒልክ በር ላይ «ወደ ሻሸመኔ ተመለሺ» የሚል ሹም ቆሞ ቢሆን ኖሮስ?

ሹሞቹን ብቻ አልወቅስም። ዓይነ ስውር ልጅ ከልጃቸው አጠገብ እንዳይቀመጥ አቤት የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ምን ይጋባበታል ብለው እንደ ፈሩ እነርሱ ያውቃሉ። አንተ ግን፣ በክፍልህ እንዲህ ያለ ልጅ ቢገባ ጠጋ ብለህ ወንበር አጋራው፤ በሰሌዳው የተጻፈውንም በጆሮው አንብብለት። መምህርህ «ዝም በል» ቢሉህ፣ ተነሥተህ በአክብሮት «እንግዲያስ እርስዎ ያንብቡልን» በላቸው።