ከቫርኒሹ በፊት ልኬቱ

በደቡብ ሲያትል፣ በሬኒየር ጎዳና ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሐምሌ ማብቂያ ላይ ሰፈሩ በሞተር ጩኸት የሚደነቁርበትን ቅዳሜና እሁድ ያውቁታል። የሲፌር በዓል ነው። በጄነሲ ፓርክ ዳርቻ፣ በዋሽንግተን ሐይቅ ላይ፣ የሄሊኮፕተር ተርባይን የተገጠመላቸው ትልልቅ ሃይድሮፕሌኖች ከኋላቸው ውሃውን ወደ ሰማይ እየረጩ ይወነጨፋሉ። የሕዝቡም የካሜራውም ዓይን እነሱ ላይ ነው። እዚህ የሚነሱት ግን ታናናሾቻቸው ናቸው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ በአሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች የተሽቀዳደሙ፣ ከኮምፔርሳቶ የተሠሩ፣ አንድ ሰው ተንበርክኮ የሚነዳቸው፣ ሞተራቸው ከጀርባ የሚሰቀል ትንንሽ ጀልባዎች።

ዛሬ እነዚህን ጀልባዎች ከየጋራዡ እያወጡ የሚያድሱ አፍቃሪዎች አሉ። ደስ ይላል። ብዙ ጊዜ ግን እድሳቱ የሚያበቃው ቫርኒሹ ሲደርቅ ነው፤ ይኼኛው ደስ አይልም። ጀልባዋ ታበራለች፣ ሞተሩ ተወልውሎ ተሰቅሏል፣ ናሱ ያብረቀርቃል፤ ውሃ ላይ ብትወርድ ግን ወይ ትዘላለች ወይ ትጎተታለች ወይ ትገለበጣለች። ለፍጥነት የተሠራ ነገር እንዴት እንደሚፈጥን የሚያውቅ ከጠፋ የታደሰው እንጨቱ ብቻ ነው።

ሃይድሮፕሌን ቆማ ስትታይ ዝቅ ያለች ጠፍጣፋ ሳንቃ ናት። ፍጥነት ስታገኝ ግን ውሃውን የምትነካው በሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ ከፊት በግራና በቀኝ በተገጠሙት ስፖንሰን የሚባሉ ሁለት ተንሸራታቾችና ከኋላ በፕሮፔለሩ አካባቢ። የቀረው አካሏ አየር ላይ ነው። ይህን ባለ ሦስት ነጥብ ቅርጽ በ1930ዎቹ ያስፋፋው የኒው ጀርዚው የቬንትኖር ጀልባ ፋብሪካ ነው፤ ባለቤቶቹ አፔሎች ነበሩ። በሰኔ 1950 በሲያትል የተሠራችው ስሎ ሞ ሹን 4ኛ በሰዓት 160.323 ማይል፣ ማለትም 258 ኪሎ ሜትር ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር ፕሮፔለሯ የሚሽከረከረው ግማሹ ከውሃ በላይ ሆኖ ነበር። ትንንሾቹም ጀልባዎች የሚኖሩት በዚሁ ሕግ ነው፤ ውሃን መንካት ባሳነሱ ቁጥር ይፈጥናሉ፣ ጨርሰው ከተዉት ግን አለቀላቸው።

ሞተሮቻቸው ለዓይን ያን ያህል አይደሉም። ካርል ኪኬፈር በ1939 በዊስኮንሲን፣ በሴዳርበርግ ከተማ ያቋቋመው ድርጅት ሜርኩሪ የተባሉትን ሞተሮች ይሠራ ነበር፤ በ1950ዎቹ ለውድድር ካወጣቸው አንዱ ማርክ 20ኤች ነው። ሁለት ሲሊንደር አለው፣ 330 ሲሲ አይሞላም። የባጃጅ ሞተር 200 ሲሲ ገደማ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ቁጥር አይደነቅም። ይህ ሞተር በቀላል ጀልባ ላይ በልኩ ሲሰቀል በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ማስኬዱ ግን ያስደንቃል። በትልልቆቹ ሞተሮች ደግሞ ሂዩ ኤንትሮፕ በ1958 ማርክ 75ኤች ሰቅሎ በሰዓት 107.8 ማይል፣ ማለትም 173 ኪሎ ሜትር ሮጧል።

ነገሩ ሁሉ ያለው «በልኩ ሲሰቀል» ላይ ነው። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ ፕሮፔለሩን የያዘው እግሩ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ይጎትታል፤ ጀልባዋ ትሄዳለች፣ ግን ከብዷታል። ከፍ ሲል ጉተታው ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ይመጣል። ከልክ ሲያልፍ ፕሮፔለሩ በውሃ ፋንታ አየር ይጨብጣል፤ ሞተሩ ያለ ጭነት ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን ወደፊት አትልም። በዚያ ላይ የማቀዝቀዣው ውሃ የሚገባው በዚያው በእግሩ በኩል ነው። ከውድድር እግሮቹ ብዙዎቹ የውሃ ፓምፕ የላቸውም፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ራሱ የጀልባዋ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ሞተሩን ከመጠን በላይ ከፍ ያደረገ ሰው ፍጥነት ሲፈልግ ፒስተኑን ያጣብቃል።

በሚጎትተውና አየር በሚጨብጠው ቁመት መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። አሠራሩም ረቂቅ ሳይንስ አይጠይቅም። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ወደ ኋላ ተዘርግቶ ይያዛል፤ ከእሱ እስከ ፕሮፔለሩ ዘንግ መሀል ያለው ርቀት ይለካል፤ ከሞተሩ መያዣ ሥር ስስ የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ ይገባል ወይም ይወጣል። ከዚያ ጥቂት ዙር ተነድቶ ይመለሳል፣ እንደገና ይለካል። ትዕግስት የሌለው ሰው ቢተወው ይሻላል።

ቁመቱ ሲገኝ ዘንበልታው ይከተላል። የሞተሩ እግር ወደ ጀልባዋ ጠጋ ሲል ግፊቱ ኋላዋን ያነሳና አፍንጫዋን ይደፋል፤ ራቅ ሲል አፍንጫዋን ያነሳል። አፍንጫዋ የተደፋባት ሃይድሮፕሌን ስፖንሰኖቿ ማዕበሉን እየደበደቡ ትንገጫገጫለች፣ በመታጠፊያው ላይም ድንገት ውሃውን ልትነክስ ትችላለች። አፍንጫዋ ከመጠን በላይ የተነሳባት ደግሞ ከሥሯ የገባው አየር ወደ ኋላ ይገለብጣታል። በጥር 4 ቀን 1967 የፍጥነት ጀልባ ነጂው ዶናልድ ካምቤል በእንግሊዝ አገር በኮኒስተን ሐይቅ ላይ የሞተው በዚህ ዓይነት አገላበጥ ነው። ይነዳት የነበረችው ብሉበርድ ኬ7 የጄት ጀልባ ነበረች፣ ፍጥነቷም ከእነዚህ ትንንሾች ጋር አይወዳደርም። አየሩ ግን ትልቅና ትንሽ አይለይም።

ስለ ፕሮፔለሩ ብቻ መጽሐፍ ይጻፋል። ለውድድር የሚመረጡት ብዙዎቹ ሁለት ክንፍ ያላቸው ናቸው፤ ወሳኙ መጠናቸው ፒች የሚባለው ነው፤ ይኸውም ፕሮፔለሩ በጠንካራ ነገር ውስጥ እየተጠመዘዘ ቢገባ በአንድ ዙር የሚራመደው ርቀት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። ፒቹ 12 ኢንች ከሆነ፣ ፕሮፔለሩም ከሞተሩ እኩል በደቂቃ 6,000 ጊዜ ከዞረ፣ ጀልባዋ በወረቀት ላይ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጣለች። ውሃ ግን ጠንካራ አይደለም፤ ይንሸራተታልና ከዚህ ቁጥር ይቀነሳል። ነባሮቹ ነጂዎች ከሰዓቱና ከሞተሩ ዙር ተነስተው ስንት እንደተንሸራተተ ያሰሉ ነበር፤ ከዚያ ክንፉን በመዶሻ መታ መታ፣ ጠርዙን በሞረድ ሳብ ሳብ አድርገው እንደገና ይወጣሉ። ሁለት ፕሮፔለሮች አንድ ቁጥር ተጽፎባቸው ሁለት ዓይነት ጠባይ የሚኖራቸው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የማያውቅ ሰብሳቢ የተመታውን ፕሮፔለር «ተበላሽቷል» ብሎ አስተካክሎና አለስልሶ ለእይታ ያስቀምጠዋል። የብዙ ዓመት ሥራ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል።

ደግሞ ነጂው አለ። የእንጨቱ ክብደት ከነጂው ክብደት እምብዛም ስለማይለይ ሚዛኑን የሚጠብቀው የሰውዬው ገላ ነው። ተንበርክኮ፣ ደረቱን ወደፊት ሰጥቶ፣ በቀኝ እጁ መሪውን፣ በግራው የነዳጁን እጀታ ይጨብጣል። እጀታው ሲለቁት በራሱ የሚመለስ ነው፤ ነጂው ከወደቀ ሞተሩ እንዲረጋ። ቀጥታው ላይ ደረቱን ወደፊት ይገፋል፣ በመታጠፊያው ወደ ግራ ይጋደማል፤ ውድድሩ የሚዞረው ወደ ግራ ነውና። የጀልባዋ አነሳስም ለብቻው ትርዒት ነው። ከውድድር ሞተሮቹ ብዙዎቹ ፎሌ ማርሽ የላቸውም፤ ሲነሱ ይሄዳሉ። ረዳቱ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ የጀልባዋን ጀርባ አንስቶ ፕሮፔለሩን ከውሃ ያወጣል፣ ነጂው ዞሮ ገመዱን ይስባል፣ ሞተሩ ሲጮህ ረዳቱ ይለቃታል። ረዳት የሌለው ሰው ውድድር ባይመጣ ይሻለዋል።

ወደ አዳሾቹ እንመለስ። አሮጌ ኮምፔርሳቶ ለዓመታት ተጋድሞ ሲቆይ ይጎብጣል። ሆዷ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ጀልባ አፍንጫዋን ትደፋለች፣ ትዘገያለችም፤ ወደ ውጭ ያበጠባት ደግሞ ከፍ ዝቅ እያለች ትዘላለች። ይህን ለማየት ጀልባዋን ገልብጦ ማስመሪያውን ከኋላ ጠርዝ ወደፊት ማጋደምና ከማዶ ባትሪ ማብራት ይበቃል፤ በማስመሪያውና በእንጨቱ መካከል ብርሃን ካሾለከ ጉዳዩ ታውቋል። ብዙ አዳሾች ግን ይህን ሳያዩ ላዩን በቀለምና በፋይበርግላስ ይሸፍኑታል። የጎበጠው እንደጎበጠ ይቀራል፤ በላዩ ላይ ክብደት ተጨመረበት። ሙጫውም አርጅቶ ሲለቅ ቫርኒሹ አይናገርም።

ከሁሉ የሚያናድደው ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላው ሰሌዳ ጉዳይ ነው። በአንድ አሮጌ የውድድር ጀልባ ሰሌዳ ላይ የተደረደሩት የብሎን ቀዳዳዎች፣ የመያዣው ጥርስ የነከሳቸው ጠባሳዎች፣ ከሥር የቀሩት የቁራጭ ምልክቶች የጀልባዋ የልኬት መዝገብ ናቸው። ነጂው ሞተሩን በየትኛው ቁመት ሞክሮ በየትኛው እንደተወው እዚያ ይነበባል። አዳሹ መጥቶ ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ይደፍናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ይቀባል። ከዚያ ጀልባዋን «እንደ ጥንቷ» ብሎ ለሽያጭ ያቀርባል።

በእርግጥ አሮጌዎቹ ጀልባዎች ውሃ ላይ ይነዱ የሚለው ሐሳብ ተቃዋሚ አለው፤ ተቃውሞውም ተራ አይደለም። እያንዳንዱ ዙር የማይተካ ማርሽና የማይተካ ክራንክ ሻፍት ይበላል፤ አንዴ የተሰበረ ስፖንሰን እንደነበረው አይመለስም። ስሎ ሞ ሹን 4ኛ ዛሬ በሲያትል የታሪክና የኢንዱስትሪ ሙዚየም ከጣሪያ ተንጠልጥላለች፤ ከዚያ አውርዷት የሚል ሰው ጤነኛ አይመስልም። ብሉበርድ ኬ7 ደግሞ ከሐይቁ የወጣችው በ2001 ነው፤ በበጎ ፈቃደኞች ታድሳ በ2018 በስኮትላንድ ቢዩት ደሴት ውሃ ላይ እንደገና ሮጠች፤ ከዚያ ማን ዘንድ ትቀመጥ በሚል ለዓመታት ከዘለቀ ክርክር በኋላ በ2024 ኮኒስተን ወደሚገኘው ራስኪን ሙዚየም ገባች። ጀልባዋ መሮጧ ስህተት ነበር የሚል ሰው አሁንም አይጠፋም። የሮጠችበትን ቀን ያዩት ግን ሌላ ይላሉ።

ከሲያትል በስተደቡብ በኬንት ከተማ ያለው የሃይድሮፕሌን ሙዚየም አሮጌ ትልልቅ ጀልባዎችን አድሶ መልሶ ውሃ ላይ ያስነዳል። ለትንንሾቹ ይህ መንገድ ይበልጥ ይቀላል። በ1950ዎቹ የአሜሪካ የእጅ ሥራ መጽሔቶች፣ በተለይ ሳይንስ ኤንድ ሜካኒክስ፣ የሃይድሮፕሌን ፕላን ያትሙ ነበር፤ ራሱ ተሽቀዳዳሚ የነበረው ሃል ኬሊ ያወጣቸው ፕላኖች ዛሬም ይሠራባቸዋል። ስለዚህ ለፍጥነት የሚጓጓ ሰው በአሮጌው ፕላን አዲስ ጀልባ ሠርቶ የድሮውን ሞተር ይስቀልባት፤ ብትሰበርም የምትሰበረው ትናንት የተለጠፈች ኮምፔርሳቶ ናት። ኦሪጅናሏ ደግሞ ያለ ውድድር፣ በመጠን፣ በረጋ ውሃ ላይ በዓመት ጥቂት ጊዜ ትነዳ። ሞተሩን ቆላልፎ ከማስቀመጥ ይህ ይሻላል፤ ያልተሽከረከረ ሞተር ውስጡ ይዝጋል፣ ያልተነዳች ጀልባ ልክም ይረሳል።

በአንድ ነገር ላይ ግን ጥንታዊነት ቦታ የለውም። በ1950ዎቹ ነጂዎች በጥጥ መሰል የካፖክ ጃኬት ይወጡ ነበር፤ ያንን ለፎቶግራፍ ማስቀመጥ ነው። ሄልሜት፣ ዘመናዊ የሕይወት አድን ጃኬት፣ የማይቀደድ ልብስና ነጂው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋ ገመድ በማንኛውም አሮጌ ጀልባ ላይ ሊኖሩ ይገባል፤ «የዘመኑን መልክ ያበላሻል» የሚል ክርክር አያስኬድም።

የቀረው ለየኤግዚቢሽኑ ዳኞች ነው። ዛሬ ነጥብ የሚሰጡት ለቀለሙ፣ ለናሱና ለስቲከሩ ነው። ከሚቀጥለው ክረምት ጀምረው ባለቤቱን አንድ ወረቀት ይጠይቁት፤ የሞተሩ ቁመት ስንት ነው፣ ዘንበልታውስ፣ የትኛው ፕሮፔለር ነው፣ ሆዷ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ጎብጧል፣ ስንት ኪሎ ነጂ ይዛ ነው የተለካችው፣ የሰሌዳው ቀዳዳዎች ፎቶ የት አለ? ወረቀቱን ያላመጣ ባለቤት ጀልባው የቱንም ያህል ቢያበራ አንደኛ አይውጣ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ጀልባውን ጭኖ ይሄድ ይሆናል። ይሂድ፤ ከሌሎቹ መካከል ግን ማስመሪያና ባትሪ ገዝቶ ወደ ጋራዡ የሚመለስ አይታጣም።