የመምህሩ ገጽ፦ ልውውጥ ማለት መስጠትም መቀበልም ነው

 

ሰሞኑን ከወላጆች ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ልጆቻችን ከፈረንጅ አገር ተማሪዎች ጋር በኮምፒውተር ስለ አካባቢ ጥበቃ ይነጋገራሉ አሉ። እኛ እዚህ ለአንድ ጀሪካን ውሃ ተሰልፈን እየዋልን፣ ልጆቹ ውሃ ስለመቆጠብ ከነሱ ሊማሩ ነው እንዴ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀልድም ቁጣም አለበት። ይሁንና ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ የዛሬውን ገጽ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ልውውጡ ምንድን ነው?

የተማሪዎች ልውውጥ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሻንጣና አውሮፕላን ነው። እንዲህ ያለውም አለ። ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ የሚባለው የትምህርት ቤቶች ማኅበር የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት በዌልስ የከፈተው በ1962 ነበር። ከተለያየ አገር የመጡ ወጣቶች አብረው እየኖሩ ይማሩ በሚል ሐሳብ ነው የተነሳው። በ2014 በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ የተከፈተው ትምህርት ቤቱ ደግሞ ዘላቂ አኗኗርን ዋነኛ ትኩረቱ አድርጓል። ቅርባችን ታንዛኒያ ውስጥም በሞሺና በአሩሻ አለ። ዘላቂ አኗኗር ሲባል ባጭሩ የዛሬን ችግር ስንፈታ የነገዎቹን ልጆች ድርሻ አለመብላት ማለት ነው።

ሌላው ዓይነት ሰው ሳይጓዝ ዕውቀት የሚጓዝበት ነው። በ1988 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ገና በዓይነ ቁራኛ በሚተያዩበት ዘመን፣ በኒውዮርክ ግዛት 12፣ በሞስኮም 12 ትምህርት ቤቶች በኮምፒውተር ተገናኝተው አብረው መሥራት ጀመሩ። ዛሬ አይኧርን የሚባለው የትምህርት ቤቶች መረብ የተወለደው ከዚያ ነው። በ1995 ሥራ የጀመረው ግሎብ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ተማሪዎች በግቢያቸው የዘነበውን ዝናብና የአየሩን ሙቀት እየለኩ ወደ አንድ የጋራ መዝገብ እንዲልኩ ያደርጋል። ከ120 በላይ አገሮች ገብተውበታል፤ ኬንያም አንዷ ናት።

ወደ እኛው ካኩማ ስንመጣ፣ በ2015 ኩን ቲመርስ የተባለ ቤልጂየማዊ መምህር የራሱን ላፕቶፕ ወደዚህ ካምፕ ልኮ በስካይፕ ማስተማር ጀመረ። ቀስ በቀስ ከብዙ አገር መምህራን ተከተሉት። ይኸው መምህር በ2017 የአየር ንብረት ለውጥን የሚመለከት የትምህርት ቤቶች ፕሮጀክት አስጀመረ። ተማሪዎች በየአገራቸው ያዩትን ችግርና ያገኙትን መፍትሔ በቪዲዮ ይለዋወጡበታል። እንግዲህ ነገሩ ለካምፓችን እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

አውሮፕላኑ ቢቀርብንስ?

ልጆቻችን እንደሌሎቹ ሻንጣ ይዘው መሄድ እንደማይችሉ እናውቃለን። ከካምፕ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ከአገር ለመውጣት የጉዞ ሰነድ፣ ከዚያ ደግሞ ቪዛ። ይህ ቁጭት ነው፤ ቁጭቱንም አልክድም።

ነገር ግን ሒሳቡን እንየው። አንድ ሰው ከናይሮቢ አውሮፓ ደርሶ ሲመለስ፣ አውሮፕላኑ ከሚያወጣው የካርቦን ጭስ የሱ ድርሻ ወደ አንድ ቶን ገደማ ይሆናል። አንድ ኢትዮጵያዊ ግን በአማካይ ከነዳጅ የሚያወጣው በዓመት 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም። አሜሪካ ውስጥ በነፍስ ወከፍ ወደ 14 ቶን ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ዘላቂ አኗኗር ልማር ብሎ ደርሶ መልስ ሲበር፣ አንድ ኢትዮጵያዊ በአምስት ዓመት የሚያወጣውን ጭስ በአንድ ጉዞ ጨረሰ ማለት ነው። ጉዞ ምንም አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፤ ዕድሉ ለደረሰው እሰየው። ግን በደብዳቤና በስክሪን የሚደረገው ልውውጥ የድሃ ምትክ ተደርጎ መታየት የለበትም። ለዚህ ትምህርት እንዲያውም የሚስማማው እሱ ነው።

አደጋው የት ላይ ነው?

ወላጆችን የሚያስቆጣው ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በአንዳንድ ልውውጥ የኛ ልጆች የሚቀርቡት እንደ ትርኢት ነው። ጀሪካን የተሸከመች ልጅ ፎቶ ይታያል፤ «እነሱ በትንሽ ነገር ይኖራሉ፣ እኛም እንማር» ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ አለቀ። ይህ ልውውጥ አይደለም። አንዱ አፍ ሆኖ ሌላው ሥዕል ሆኗል።

ደግሞም ውሸት አለበት። ማጣትና መቆጠብ አንድ አይደሉም። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን መመዘኛ ሁኔታው በተረጋጋ ካምፕ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 20 ሊትር ይላል፤ አንድ ጀሪካን ማለት ነው። አንድ ጀርመናዊ ቤቱ ውስጥ በቀን ወደ 120 ሊትር፣ አንድ አሜሪካዊ ወደ 300 ሊትር ይጠቀማል። የኛ ልጅ በአንድ ጀሪካን የምትውለው ሌላ ስለሌላት ነው። ይህን «ቁጠባ» ብለን ብናሞግስ፣ ውሃ ጨምሩልን ማለት ራሱ ጥፋት ሊመስል ነው። ራሽኑ በ2025 ክፉኛ ሲቀነስም ማንም ቁጠባ አላለውም፤ ረሃብ ነበር።

ሌላም አለ። በእጦት የመጣ ልማድ እጦቱ ሲያልፍ ይጠፋል። ልጁ ነገ ሌላ አገር ቢደርሰው፣ ወይም አገሩ ተመልሶ ቧንቧ ያለው ቤት ቢገባ፣ ሻወር ከፍቶ አሥር ደቂቃ ይቆማል። በደቂቃ አሥር ሊትር ገደማ ሲፈስ 100 ሊትር፣ አምስት ጀሪካን መሆኑ ነው። ማን ይፈርድበታል? ማንም። አስቦበት ያልያዘውን ነገር ግን ይዞ አይሄድም። እንግዲህ የትምህርቱ ሥራ ይህ ነው፦ በግድ የምናደርገውን አውቀን እንድናደርገው፣ ከማጣት የመጣውንም ከብልሃት የመጣውን እንድንለይ።

እንዴት ይሠራ?

እኔ የምመክረው ቀላል ነገር ነው። ልጆቹ ከስክሪኑ ፊት ከመቀመጣቸው በፊት አንድ ሳምንት ይለኩ። በደብተር ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ። በመጀመሪያው ቤት የገባውን ውሃ በጀሪካን፣ በሁለተኛው የተቃጠለውን እንጨት ወይም ከሰል፣ በሦስተኛው የተጣለውን ምግብ በጭልፋ ቆጥረው ይጻፉ። ወዲያ ማዶ ያሉት ተማሪዎችም ያንኑ ያድርጉ፦ የውሃ ቆጣሪያቸውን ያንብቡ፣ ሻወር ውስጥ የቆዩበትን ደቂቃ ይያዙ፣ የጣሉትን ምግብ ይመዝኑ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም በየቤቱ የተጣለው ምግብ በነፍስ ወከፍ 79 ኪሎ ነበር። የኛ ልጅ የሳምንቱን ሦስተኛ ዓምድ ባዶውን ሲያሳይ፣ ያኛው ተማሪ የራሱን ዓምድ ማስረዳት ይኖርበታል። አሁን ሁለቱም ተጠያቂ ሆኑ፤ ሁለቱም መምህር ሆኑ።

ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይጠያየቁ። አንደኛ፣ «አንተ ራስህ ልትለውጠው የምትችለው የቱን ነው?» ሁለተኛ፣ «አንተ ልትለውጠው የማትችለው፣ ትልልቆቹ ሊያስተካክሉት የሚገባው የቱን ነው?» ይህች ሁለተኛዋ ጥያቄ ትልቅ ናት። የጀርመኑ ልጅ የመብራት ኃይሉ ከምን እንደሚመነጭ አይወስንም፤ የኛም ልጅ ቦኖው ለስንት ሰዓት እንደሚከፈት አይወስንም። የ15 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ የመንግሥትንና የኤጀንሲን ሸክም መጫን ትምህርት አይደለም። የራሱን ድርሻ ግን ለይቶ ማወቁ ያስከብረዋል።

የኛ ልጆች የሚሰጡት ነገር ደግሞ ሞልቷል። የተረፈ እንጀራን ድርቆሽ አድርጎ ማቆየት፣ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ጆንያ ውስጥ ለተተከለው ሱኩማ ዊኪ ማጠጣት፣ ልብስን ከታላቅ ወደ ታናሽ ማሳለፍ። ይህ እጦት ብቻ አይደለም፤ ብልሃት ነው። ደቡብ ኢትዮጵያ ያለው የኮንሶ እርከን ከ400 ዓመት በላይ አፈሩን ይዞ የቆየ ሥራ ነው፤ ዩኔስኮም በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ልጆቻችን ይህን በሌላ ቋንቋ ማስረዳት ቢችሉ ምን ያህል አንገታቸው ቀና ይል ነበር!

የጉልቻ ነገር

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ወጡን ባያጣፍጥም ማገዶውን ግን ይቆጥባል! እውነተኛ ልውውጥ ምን እንደሚሠራ የምታሳይ አንዲት ዕቃ በየቤታችን አለች፤ ጂኮ። በኬንያ የነበረው የቆርቆሮ ከሰል ማንደጃ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይበትን ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኬንያውያን በታይላንድ የሚሠራበትን፣ ውስጡ ሸክላ የሆነውን ማንደጃ አይተው ከራሳቸው ቆርቆሮ ሥራ ጋር አዋሐዱት። ወገቡ ቀጠን ያለው፣ ሸክላ የተገጠመለት ጂኮ እንዲህ ተገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የኬንያው ጂኮ ኢትዮጵያ ገብቶ ለአገራችን ድስት እንዲመች ተስተካክሎ «ላቀች» ተባለ። ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው «ምርጥ» ምድጃም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ታይላንድ ለኬንያ፣ ኬንያ ለኢትዮጵያ። ማንም ማንንም አላዘነለትም፤ አይተው፣ ለክተው፣ ለራሳቸው አስተካክለው ወሰዱ።

ማገዶ ስንል ነገሩ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም። እንጨት ፍለጋ ከካምፑ የሚርቁት በአብዛኛው ሴት ልጆቻችንና እናቶች ናቸው፤ በመንገድ የሚደርስባቸውንም ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቤት ማገዶውን በግማሽ ቀነሰ ማለት አንዲት ልጅ ከምትሄድበት መንገድ ግማሹ ቀረላት ማለት ነው።

የቅርቡ የውጭ አገር

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። ስለ ዓለም አቀፍ ልውውጥ ስናወራ ከላጋው ማዶ ያለውን ትምህርት ቤት ረስተነዋል። ለኛ ኬንያ ውጭ አገር አይደለችም እንዴ? ካኩማ ካምፕ ከተከፈተ ከ1992 ጀምሮ ከቱርካና ወንድሞቻችን ጋር በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ነን። በካምፑ ክፍሎች ውስጥም የደቡብ ሱዳን፣ የሶማሊያ፣ የኮንጎ፣ የቡሩንዲና የቱርካና ልጆች አንድ ዴስክ ይጋራሉ። ፈረንጅ በብዙ ገንዘብ የሚያሰባስበው ክፍል ለኛ በነጻ ተሰጥቶናል።

በእንጨት ምክንያት ከባለአገሮቹ ጋር ስንት ጊዜ ተጣላን? ከኛ ስንቱ ነው በቱርካና ባህል በላጋው ዳር ያሉ ዛፎች ባለቤት እንዳላቸው የሚያውቀው? ሥርዓቱ ኤክዋር ይባላል፤ ቤተሰብ በዛፎቹ ላይ ያለውን መብት ለልጆቹ ያወርሳል። የግራሩ ፍሬ በደረቁ ወራት የፍየሎቻቸው መኖ ነው። ለኛ አንድ ሸክም ማገዶ የሆነው ለነሱ የልጅ ወተት ነው። በሌላ በኩል ማቴንጌ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ከውጭ መጥቶ መሬቱን እየወረረ ያለ ነው፤ እሱን መቁረጥና ግራርን መቁረጥ አንድ አይደለም። ይህን ለልጆቻችን ማን ያስተምራቸው? የቱርካና ልጆች ናቸዋ! ጠይቆና ተፈቅዶ መቁረጥንም የሚማሩት ከነሱ ነው። የኛዎቹ ደግሞ የጆንያ አትክልቱንና ምድጃውን ያሳዩአቸው። ልጆቹ በአፍንጫቸው ሥር ያለውን ጎረቤት ሳያውቁ ቤልጂየም ካለው ጋር ስለ ምድራችን ቢያወሩ፣ ጎተራው ሳይሞላ ገበያ እንደመውጣት ነው።

ለወላጆች

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ለመጀመሪያው ጥያቄያችሁ መልሴ እንግዲህ ይኸው ነው፦ ልጆቻችሁ ውሃ መቆጠብን ከማንም ሊማሩ አይደለም። ሊማሩ የሚገባቸው ያላቸውን መለካት፣ የለኩትን መናገር፣ የሌላውንም መጠየቅ ነው። ለዚህ የናንተ እገዛ ያስፈልጋል። ሦስት ነገር ልለምን።

ሴት ልጆቻችሁን ለልውውጡ ሰዓት ከቤት ሥራ አሳርፉልን፤ ወንድም ውሃ ቢቀዳ እጁ አይወልቅም። ልጃችሁ ደብተር ይዞ «ዛሬ ስንት ጀሪካን ገባ?» ቢል አትቆጡት፤ ቁጠሩለት። ፎቶና ቪዲዮ የሚያነሳ ማንም ሰው ሲመጣ ደግሞ «ለምንድን ነው? የት ይታያል? የናንተስ ልጆች ምን ይዘው ይቀርባሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው። ጠያቂው ለመጨረሻዋ ጥያቄ መልስ ካለው ልውውጥ ነው፤ ከሌለው ይቅርባችሁ።

ለመጀመር ያሰባችሁ ተማሪዎች፣ ደብተራችሁን በዚህ ሳምንት አስምሩ። የሰባት ቀን ቁጥር ይዛችሁ ስትመጡ በክፍል አብረን እናየዋለን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።