የማኅበሩ መኪና በናፍጣ ይሁን ወይስ በቤንዚን?

አዝመራው ተወቅቶ ጎተራ በሚገባበት ወቅት በብዙ የገበሬ ማኅበራት ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ይነሣል። ይኸውም እህሉን ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያውንና ምርጥ ዘሩን ወደ መንደር የሚያመላልስ የራሳችን መኪና እንግዛ የሚል ነው። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ሆኖም አባላቱ ከጉሮሯቸው ነጥቀው ባዋጡት ገንዘብ የተገዛው መኪና በሁለተኛው ክረምት ከዋርካ ሥር ቆሞ እንዳይቀር፣ ሞተሩ በናፍጣ የሚሠራ ይሁን ወይስ በቤንዚን የሚለው ጥያቄ ከግዢው በፊት በሚገባ ሊታሰብበት ይገባል።

ከባድ የጭነት መኪኖች በአብዛኛው የናፍጣ ስለሆኑ ምርጫው የሚነሣው በአነስተኛ የጭነት መኪኖችና በፒክአፖች ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን ከአየር ጋር ቀላቅሎ በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥላል። የናፍጣው ግን አየሩን ከ16 እስከ 20 እጥፍ ያህል አምቆ ያግለውና ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይነዳል። በዚህም ምክንያት በዝግታ እየዞረ ከፍ ያለ ጉልበት ይሰጣል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ለመውጣትና ከማጥ ለመላቀቅ ይመቻል። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ ተንኖ እሳት ስለማይስብም ለማከማቸት አደጋው ያነሰ ነው።

በነዳጅ በኩል ያለውን ጥቅም ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የቤንዚኑ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 16 ሊትር፣ የናፍጣው 12 ሊትር ይፈጃሉ እንበል። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ማኅበር ልዩነቱ 600 ሊትር ይሆናል። 2,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚጓዝ ግን 80 ሊትር ነው። የናፍጣ መኪና በግዢም በጥገናም ውድ ስለሆነ፣ ቀላል ጭነት ይዞ አልፎ አልፎ ለሚንቀሳቀስ ማኅበር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንበታል። እንዲህ ላለው የቤንዚኑ ይበቃዋል።

ከፍታም ሊዘነጋ አይገባም። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ የናፍጣም ሆነ የቤንዚን፣ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለሆነም የደጋ ማኅበራት ቱርቦ ያለውን ቢመርጡ ይጠቀማሉ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚህ ይቀጥላል። የናፍጣን ሞተር በአብዛኛው የሚያበላሸው ዳገቱ ሳይሆን የቆሸሸ በርሜል ነው። ናፍጣውን የሚገፋው ፓምፕና የሚረጨው ኖዝል እጅግ ጠባብ ክፍተት ያላቸው በመሆናቸው ጥቂት አፈርና ውሃ ያበላሻቸዋል። አዳዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ከቀድሞዎቹ ይበልጥ ቆሻሻን አይችሉም። ጥገናውም የመንደር መካኒክ ሥራ ሳይሆን መሣሪያ የተሟላለት ጋራዥ የሚጠይቅ ነው።

ስለዚህ በርሜሉ ከዝናብና ከአቧራ ተጠብቆ ይከደን። ናፍጣ ከተገለበጠ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ይረጋ፤ ከሥር ያለው ዝቃጭ አይቀዳ። ላምባ ወይም ቤንዚን የነበረበት ዕቃ ለናፍጣ አይዋል። ፊልትሮው በጊዜው ይቀየር፤ በውስጡ የተጠራቀመው ውሃም ይፍሰስ። ታንከሩ እስኪደርቅ መንዳትም በመስመሩ አየር ስለሚያስገባ መንገድ ላይ ያስቀራል። ሾፌሩም የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም ብሎ ጥልቅ ወንዝ አይድፈር፤ በአየር ማስገቢያው ውሃ ከገባ ቢየላው ይጣመማልና።

በመሆኑም መሪዎች ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ ሲያቀርቡ በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚኬድ፣ ስንት ኩንታል እንደሚጫን፣ ጋራዡና መለዋወጫው የት እንደሚገኙ፣ ለጥገና የሚቀመጠው ገንዘብ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይዘው ይቅረቡ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑ ስለሚታወቅ፣ ሊገዛ የታሰበውን መኪና የሚመለከተውን ደንብ አስቀድሞ መጠየቅም ተገቢ ነው።

መንገዱ አስቸጋሪ፣ ጭነቱ ከባድ፣ ምልልሱም ብዙ ለሆነ ማኅበር ናፍጣን እንመክራለን። ምክሩ የሚሠራው ግን ለነዳጁ ንጽሕና በስም ተለይቶ ኃላፊ የሚሆን ሰው ሲመደብ ነው። ይህ ሰው መኪናው ከመምጣቱ በፊት ይመረጥ።